ዘይት ያልገባበት ኩሽና

ላቦራቶሪ የምትሠራው ታናሽ እህት የእህቷን ልጅ የደም ውጤት ስታይ ማሽኑን በጥፊ ልትለው ቃጣት። ልጅቷ ያን ሁሉ የብረት ክኒን ውጣ ደሟ ዛሬም ያው ነው፤ ከፍ አላለም። ሰውነቷ ያከማቸው ብረት ግን ሞልቶ ተርፏል።

ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ ወደ ታላቋ ቤት ሄደች። ታላቅየዋ ገና በሩን ስትከፍት፣

«አልተሻላትም አይደል? አውቄዋለሁ! ክኒኑን እየተፋች ነው» አለች።

«ኧረ እማዬ፣ አፌን አስከፍተሽ እያየሽ!» አለች ልጅቷ ሶፋው ላይ እንደተጋደመች። «የጥርስ ሐኪም እንኳ እንዳንቺ አልበረበረኝም።»

«አንቺ ዝም በይ!»

«እትዬ፣ አልተፋችም» አለች ታናሽየዋ ጫማዋን ሳታወልቅ። «ብረቱ ገብቷል። ከተከማቸበት መውጣት ነው ያቃተው። ቫይታሚን ኤ ሲያንስ እንዲህ ያደርጋል። ብረቱ ጉበት ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል፤ የአጥንት መቅኔ ውስጥ ያሉት ጨቅላ ሴሎችም አድገው ቀይ ደም መሆን ይሳናቸዋል።»

«ቫይታሚን ኤ ካሮት ውስጥ አይደል ያለው? ካሮት ብቻ እኮ ነው የማበላት! ጥንቸል አድርጌያታለሁ!»

እውነትም እዚህ ቤት ካሮት ጠፍቶ አያውቅም። ታላቅየዋ ወደ ኩሽና ስታመራ ታናሽየዋ ተከትላት ገባች። አንዱ ድስት ውስጥ ካሮት በውኃ ይንተከተካል፤ ሌላው ውስጥ ዱባ፣ እሱም በውኃ። የእንቁላል አስኳል ተለይቶ ለመደፋት ኩባያ ውስጥ ተቀምጧል። ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ዘይት የለም። ቅቤ የለም። የዘይቱ ጠርሙስ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ የታላቅየዋ ሟች ባል የሻይ ብርጭቆ ተደፍቶ ተቀምጧል።

በዚህ መሀል ልጅቷ ውኃ ልትጠጣ ስትገባ በርጩማው አደናቅፏት ተንገዳገደች።

«ማነው ይሄን እዚህ የጎለተው?»

«ከተወለድሽ ጀምሮ እዚያው ነው» አለች እናቷ።

«ምኑ ይታያል! መብራት ካልጨለመ አታበሪ።»

ገና ፀሐይዋ መጥለቋ ነበር፤ ሁለቱ እህቶች በርጩማውን አጥርተው ያዩታል። እርስ በርስ ተያዩ። ልጅቷ ውኃዋን ይዛ ግድግዳውን እየዳበሰች ወጣች።

«ዳፍንት ነው፤ ቫይታሚን ኤ ሲያንስ ዓይን ሲመሽ ማየት ያቅተዋል» አለች ታናሽየዋ። «እትዬ፣ ካሮቱ ቅባት ካላገኘ ሰውነቷ ምኑን ይወስደዋል? በከንቱ ነው የምታደክሚያት!»

«ቅባት እዚህ ቤት አይገባም።»

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ! ሐኪሙ ቅባት የከለከለው ባልሽን ነው። ልቡ የታመመው እሱ ነው። አንቺ ግን እስከዛሬ የእሱን ምግብ እየሠራሽ ለልጅቷ ታቀርቢያለሽ!»

ታላቅየዋ የምድጃውን እሳት ቀነሰች። መልሳ ጨመረችው። እንደገና ቀነሰችው።

«ሌላ መሥራት ጠፋኝ» አለች ዞር ሳትል።

ታናሽየዋ ወጣች። ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ ትንሽ ጠርሙስ ዘይት ገዝታ ተመለሰች። ታላቅየዋ ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«ደግሞ ክዳኑ ጠብቋል።»

«አምጪው።»

«ተይ፣ እኔው እከፍተዋለሁ።» ከፈተችው። ማንኪያ አነሳች። «አንድ ብቻ።»

«ሁለት።»

«አትጨቅጭቂኝ እንግዲህ! አንድ ተኩል።»

«አስኳሉም አይደፋም። ነገም ሐኪም ጋ ትወስጃታለሽ፤ ቫይታሚኑን በመድኃኒት መልክ ካዘዘላት ደግሞ በሱ ልክ ነው፣ በራስሽ የምትጨምሪው የለም።»

«እሺ አልኩሽ! ምን አይነት ነዝናዛ ነሽ?»

ዘይቱ ካሮቱ ላይ ቢጫ ክብ ሠርቶ ተንሳፈፈ። ታላቅየዋ ጠርሙሱን ይዛ ቁም ሣጥኑ ፊት ጥቂት ቆመች። ከዚያ ብርጭቆውን ሳታነሳ በጣቷ ጫፍ ትንሽ ገፋ አደረገችውና ዘይቱን አጠገቡ አቆመችው።

«ልጄ!» ብላ ተጣራች። «ነይ ራት ቀርቧል። ቆይ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ መብራቱን ላብራልሽ።»