አንደኛው ደብተር

ኦሊሊ እህቴ ናት፣ ይሄ አያጠራጥርም፣ ራሴ ያወጣሁላት ስም ነው፣ ቩኖ በር ነው፣ ከአንደኛው የቃላት ደብተሬ እስካሁን በር ነው፣ ሱላ ግን፣ ሱላ ምንድን ነው፣ ኦሊሊ ቩኖ ሱላ፣ ሦስት ቃል ብላ ስልኩ ተዘጋ፣ እሷ ትዝጋው ባሏ ይዝጋው አላየሁም፣ እህቴ በሩን ምን፣ በሩ ምን አደረጋት፣ አስብ እንጂ አንተ ሰውዬ።

ወንድም፣ ይቺን መታወቂያ ፊትና ጀርባ፣ ሁለት ሁለት ኮፒ፣ ይላል ደንበኛ። እሺ። የማሽኑን ክዳን አነሳለሁ፣ መብራቱ ከዳር ዳር ይሄዳል፣ ይመለሳል።

አምስት ወሯ ነው ካገባች፣ አምስት ወር ሙሉ ስልኳ ስፒከር ላይ ነው፣ እኔም ልስማችሁ እንጂ፣ ቤተሰብ አይደለን እንዴ ይላል ባሏ እየሳቀ፣ ሳቁ ደስ ይላል፣ ሰው ሁሉ ይወድለታል፣ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ በላሽ፣ በላሁ፣ ድምፅሽ ምን ሆኖ ነው የጎረነነው፣ ጉንፋን ነው፣ ከዚያ ሳላስበው ኦሊሊ ቩኖ ሱላ፣ ምንድን ነው ደግሞ እሱ አለ ከጀርባ፣ የልጅነት ጨዋታ ነው አለችው፣ እስቲ ለኔም አስተምሪኝ፣ ጥቅ። አለቀ።

ጨዋታ አይደለም። ቋንቋ መሥራት እኮ፣ ለማን ነው የማስረዳው፣ ለራሴ፣ ይሁን፣ ቋንቋ መሥራት ስትጀምር መጀመሪያ የምትመርጠው ድምፅ ነው፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ መረጥኩ፣ ጠ የለ፣ ቀ የለ፣ ጰ የለ፣ የሚፈነዳ ነገር አንድም የለ፣ ምክንያቱም ቋንቋው የተሠራው አልጋ ሥር ነው፣ አባታችን ሞቅ ብሎት ሲገባና በሩን በእርግጫ ሲለው፣ እኔ አሥራ አራት፣ እሷ ስምንት፣ በሹክሹክታ የሚነገር፣ ከአልጋው ልብስ የማያልፍ ቋንቋ፣ አስተማሪ አልነበረኝም፣ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ የሰዋስው መጽሐፍ ብቻ፣ በአንድ ክረምት ሦስት መቶ ቃል፣ እሷ ሁሉንም ሸመደደችው፣ እንደ ውሃ ነበር የምትጠጣው።

እና አፈረስኩት። አንድ ቀን ሳየው ለካ ጭምብል ያጠለቀ የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ነው፣ አረፍተ ነገሩ በኛው መንገድ ይሄዳል፣ አፈርኩበት፣ ማን እንዳየብኝ እንጃ፣ ሁለተኛ እትም፣ ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አሁን አምስተኛው ላይ ነኝ፣ ሺህ አራት መቶ ቃል፣ አሥራ አንድ ዓይነት የግስ ጊዜ፣ አንዱ ለብቻው እያዩት ለማይደርሱበት ነገር የሚያገለግል፣ እንዴት ኮርቼበት ነበር፣ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያኛውን ሳልጨርስ ታፈርስብኛለህ አለች፣ አሮጌው ሞቷል አልኳት፣ እኔ ጋ አልሞተም አለች፣ አሥራ አንድ ዓመቷ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠርጋ። አንደኛውን ደብተር እዚሁ ሱቅ አመጣሁት፣ የፈሰሰ ቶነር ልጠርግበት፣ ገጽ በገጽ እየገነጠልኩ፣ ጥቁር ዱቄት በወረቀት ነው የሚጠረገው፣ ሙቅ ውሃ ከነካው ይለጠፋል፣ አየህ አሁንም ማስረዳት፣ አንተ ልጅ አትድንም።

እማ ጋ ደወልኩ። ምን አለችህ፣ በኛ ቋንቋ ነው ያለችኝ፣ ኤዲያ፣ አሁንም በዛ ጅልነት ላይ ናችሁ፣ ስማ፣ በባልና ሚስት መሀል አትግባ፣ እነሱ ነገ ይታረቃሉ፣ ጠላት ሆነህ የምትቀር አንተ ነህ።

አንተ፣ ልብህን የት ጥለኸው ነው፣ እትዬ ናት፣ ባለ ሱቋ፣ ይሄ ባዶ ወረቀት ነው እኮ፣ መታወቂያው እጅህ ላይ ነው፣ ማሽኑ ምኑን ኮፒ ያድርግልህ፣ ይቅርታ እትዬ፣ እህቴ፣ ምን ሆነች፣ አላውቅም፣ እንዴት አታውቅም፣ ምን ልበላት፣ ሱላ ሆነች ልበላት?

መታወቂያውን መስታወቱ ላይ እደፋዋለሁ። ጣቴ ጥቁር ነው፣ ቶነር፣ ደብተሩን ስገነጥል ያን ጊዜም እንዲህ ነበር፣ ገጹ በቀኝ እጄ፣ ከታች ጥግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተንጋደደ ጽሑፍ፣ የኔ ጽሑፍ አይደለም፣ የሷ ነው። የሷ ቃል ነው! ራሷ የሠራችው፣ እኔ ነኝ የሰረዝኩት፣ ስም ነው ወይስ ግስ ብዬ አፋጠጥኳት፣ ዝም ብለህ ሱላ ነው አለች፣ እንደዛ የሚባል የለም፣ ቃል ምድብ ሊኖረው ይገባል፣ ጭረት፣ ለሁለተኛው እትም አላለፈም።

አልጋ ሥር፣ በሩ ሲመታ፣ ትንሿን ጣቴን ትይዝና አንዴ ትለዋለች፣ ሱላ፣ ና ማለት ነው፣ አታውራ፣ አታባብለኝ፣ በሩ ዝም እስኪል አጠገቤ ሁን፣ ይሄ ሁሉ በአንድ ቃል፣ እኔም ሱላ እላለሁ፣ መልሱ ያው ራሱ ነው፣ ከዚያ አልነቃነቅም፣ እግሬ ቢደነዝዝም፣ አሁን በሩ የባሏ ነው።

እደውላለሁ። ዝግ ነው። እደውላለሁ። ዝግ። ወደሷ ከተማ የመጨረሻው አውቶብስ ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣል፣ አሁን ዘጠኝ ከሩብ ነው፣ እስከ ነገ ንጋት ድረስ ሌላ የለም፣ ሺህ አራት መቶ ቃል አለኝ፣ እየመጣሁ ነውን በአሥራ አንድ ዓይነት እለዋለሁ፣ እሷ አንዱንም አታውቀውም።

የት ነው በዚህ ሰዓት፣ መኪና የለም እኮ፣ አውቃለሁ እትዬ፣ ሽርጡን መስቀያው ላይ ወርውሬ ወጣሁ፣ አስፋልቱ ዳር ቆሜአለሁ፣ የጭነት መኪና ያልፋል፣ ሌላው ያልፋል፣ ማንም አይቆምም፣ በቀኝ እጄ የተዘጋውን ስልክ ጆሮዬ ላይ ይዣለሁ፣ በግራዬ ትንሿን ጣቴን ለብቻዋ ዘርግቼ፣ ሱላ፣ ሱላ እልሻለሁ፣ ሰምቼሻለሁ፣ ሱላ፣ በሩ ግን ሩቅ ነው።