ምድጃው የተለኮሰ ዕለት

«አንቺ ልጅ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚያስፈነጥዝሽ?»

አክስቷ ይህን ስትጠይቃት ልጅቷ እስከ ክርኗ ሊጥ ውስጥ ነበረች። ወንዙ ሞልቶ ሰፈሩን በወሰደበት ማለዳ አባቷ እሷን፣ እናቷንና ታናሽ እህቷን ከፍታው ላይ ካለው ትምህርት ቤት አድርሶ፣ አልጋ ላይ የቀሩትን ጎረቤት ሊያወጣ ተመልሶ ወረደ። ሁለቱም አልወጡም። እሷ ደግሞ ዛሬ፣ በአባቷ ዳቦ ቤት ውስጥ፣ እግሯ መሬት አልረግጥ ብሏታል።

«ዝም ብዬ ነው፣ እቴትዬ።»

«ዝም ብሎማ ሰው ጥርሱ አይገለጥም፤ ያውም...» አክስቷ የአባቷ ታላቅ እህት ናት። ንግግሯን ሳትጨርስ ወደ ፍልጡ ዞረች።

ውሃው ሲጎድል ምድጃው እስከ አፉ ድረስ በጭቃ ተሞልቶ ነበር። ልጅቷ ከትምህርት ቤት እየተመለሰች በአካፋ፣ አካፋ በማይደርስበት ደግሞ በማንኪያ እየፈለቀቀች አወጣችው። ግንበኛው ሊያየው መጥቶ፣ ውሃ የጠጣ ጡብ በአንድ ጊዜ ትልቅ እሳት ካገኘው እንደሚሰነጠቅ፣ ጣሪያው ከተናደም ምድጃው እንዳበቃለት ነገራት። ስለዚህ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እሳት እያነደደች፣ እንደ በሽተኛ እያሞቀች አደረቀችው። ሙሉ እሳት የገባበት ዛሬ ገና ነው።

ሙሉውን እሳት ለዛሬ ያደረገችው ወድዳ አይደለም። የእናቷ ወንድም ከሰዓት በኋላ ወደ ከተማው ሊወስዳቸው በመኪና ይመጣል። እናቷ በሩ ጋ ልብስ እያጣጠፈች በሻንጣ ትከታለች። ልጅቷ ቀን ከሌት «እንቅር» እያለች ስለለመነቻት፣ በመጨረሻ «ከዚህ ምድጃ ዳቦ ከወጣ እናያለን» ብላታለች። እናቷ ያለችው «እናያለን» ነው። ልጅቷ ግን «እንቀራለን» እንዳለቻት ቆጥራ ስትሮጥ አደረች።

ጧ!

ሁሉም ባሉበት ደረቁ። ድምፁ የመጣው ከምድጃው ነው። ልጅቷ ሊጡን ጥላ ሮጠች፤ ፊቷን እየለበለባት ባትሪ ይዛ አጎንብሳ አየች። አፉ ጋ ካሉት ጡቦች አንዱ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች። ከዚያ ወዲያ ጣሪያው እንደ እንቁላል ሙሉ ነው።

«ደህና ነው!» ብላ ጮኸች። «ጣሪያው አልተነካም! እማ፣ ደህና ነው!»

ፍሙን ጠርጋ አወጣች። አባቷ እንደሚያደርገው ቁንጣሪ ዱቄት ወለሉ ላይ በተነች፤ ዱቄቱ ቶሎ አልጠቆረም፣ ቀስ ብሎ ዳማ ሆነ። ደርሷል።

ዳቦው ወደ ውስጥ የሚገባው እጀታው ረጅም በሆነ የእንጨት ማስገቢያ ነው። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ፣ ማስገቢያውን የያዘ ሰው ወደ ራሱ ከመሳቡ በፊት «ኋላ!» ብሎ ይጣራል፤ ከጀርባው ያለ ሁሉ ያጎነብሳል። ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ ያጎነበሰችው እሷ ናት፤ ተጣርታ አታውቅም። የመጀመሪያውን ዳቦ አስገብታ ሳትጣራ ሳበች።

«ዋይ ሆዴን!» አለች አክስቷ። «አንቺ አለቃ፣ ዳቦ ጋግሪ አልንሽ እንጂ ሰው ግደዪ አልንሽ?»

«ይቅርታ፣ እቴትዬ! ይቅርታ!» ሳቋ እያደናቀፋት ሁለተኛውን ዳቦ አስገባች። ከዚያ በሙሉ ደረቷ ተጣራች፦ «ኋ...ላ!»

ድምፁ ወፍራም ሆኖ፣ መሃሉ ላይ ተጎትቶ፣ ልክ እንደ አባቷ ሆኖ ወጣ። በሩ ጋ፣ እጀታው ፈጽሞ በማይደርስበት ቦታ የቆመችው እናቷ ድፍት አለች። እጇን አናቷ ላይ እንዳደረገች ትንሽ ቆየች። ቀና ስትል ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ ትስቅ ነበር።

«እሱ ስንት ዓመት ሲያስጎነብሰኝ ኖሮ፣» አለች ዓይኗን እየጠረገች፣ «አሁን ደግሞ አንቺ ተተካሽ!»

ዳቦው ወጣ። ሽታው ማንንም ሳይጠይቅ መንገዱን ይዞ ሄደ፤ ጎረቤቱም ሳይጠራ መጣ። «ወጣ እንዴ?» ይላል የመጣው ሁሉ። «ወጣ!» ትላለች ልጅቷ፤ ደጋግመው ቢጠይቋት ደግማ ትላለች። ታናሽ እህቷ ሚጣ ትኩሱን ዳቦ ከእጅ ወደ እጅ እያገላበጠች ትዘላለች። አጎቷ መኪናውን አቁሞ ገባና አንዱን ዳቦ ቆሞ ጨረሰ፤ «ሌላ የለም?» አለ። ልጅቷ እናቷን በዓይኗ ፈለገች። አሸንፌያለሁ ብላ ነበር።

ቆርቆሮው ላይ ካፊያ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ያስተዋለው ሰው አልነበረም። እናቷ ግን ሚጣን ከመሬት አንስታ ጠረጴዛው ላይ አቆመቻት፤ ራሷም የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ የበሩን ደፍ ትመለከት ጀመር። ጣቶቿ ነጥተዋል።

«እማ፣ ካፊያ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። እግሬ ግን አያውቅም።»

ልጅቷ ያን ጊዜ ገባት። እናቷ የፈራችው ዳቦ እንዳይጠፋ አልነበረም። ዳቦው ቢያምርም፣ ሰልፉ ቢረዝምም፣ ይሄ ቆርቆሮ በተመታ ቁጥር እናቷ ሚጣን ጠረጴዛ ላይ ስታቆም ልትኖር ነው።

«ሂጂ፣ እማ» አለቻት። «ሚጣን ይዘሽ ሂጂ።»

«አንቺስ?»

«ሰዎቹ ነገም ይመጣሉ። ዛሬ ገና ነው የሞቀው።»

«አብደሻል? አንቺን ጥዬ?»

«እኔ ጋ ታድራለች» አለች አክስቷ። «ቤቴ እንደሆነ አቀበቱ አናት ላይ ነው፤ ውሃም ቢሆን እዚያ ድረስ ሲመጣ ይደክመዋል።»

እናቷ የልጅቷን ፊት በሁለት እጇ ያዘች። «ዝናብ ሲጥል ወደ ላይ ትወጫለሽ። ምድጃው ውስጥ ዳቦ ቢኖርም፣ ሰው ቢሰለፍም። ማይልኝ።»

«አባዬ ይሙት እወጣለሁ!»

እንደ ወትሮው ከአፏ ያመለጣት ነው። ከዚያ ሁለቱም ያለችውን ሰሙ። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እናቷ ግን ስባ አቀፈቻት፤ ዱቄቱ ቀሚሷ ላይ እስኪታተም አጥብቃ አቀፈቻት።

ካፊያው አቁሞ ፀሐይ ብቅ ሲል አጎቷ ሻንጣውን ጫነ። ሚጣ አንገቷን በመስኮት አውጥታ፣ አፏ ዳቦ እንደ ሞላ፣ የሆነ ነገር እየጮኸች እጇን አወዛወዘች። ልጅቷም መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ እየዘለለች እጇን አወዛወዘች፤ ልቧ በአንድ ላይ እየተሰበረም እየፈነደቀም ነበር። ዳቦ ቤቱ ውስጥ አክስቷ ሰው ታስተናግዳለች።

እናቷና ሚጣ ሄዱ። እሷና አክስቷ ቀሩ።