አባባ ይቅደሙ

አባባ ሻንጣቸውን ከአልጋ ሥር ጎትተው ሲያወጡ ምራታቸው ሰምታለች። ግን ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። ቀና ብትል መጠየቅ ይመጣል፤ ብትጠይቅ መልሱን መስማት ይመጣል።

«እሁድ ልጄ መጥታ ትወስደኛለች» አሉ በሩ ላይ ቆመው።

«የት?»

«እሷ ቤት ነዋ። ባሏ ቼዝ ይጫወታል። እዚህ ከማን ጋር ልጫወት? ከግድግዳው ጋር?»

እውነታቸውን ነው። ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ መሪያቸው ያ የቼዝ ሰሌዳ ሆነ። ማታ ማታ ከልጃቸው፣ ማለትም ከሷ ባል ጋር፣ ይጫወቱ ነበር። ባልየው ለመንገድ ሥራ ርቆ ሄደ። የሷም ልጆች አድገው በየፊናቸው ወጡ። ቤቱ ውስጥ የቀሩት አማትና ምራት፣ ከነስፌት መኪናዋ። አሁን ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ሊሄድ ነው።

ሌላ ሴት ብትሆን «አባባ፣ ትተውኝ አይሂዱ» ብላ ታለቅስ ነበር። እሷን ግን የሰፈሩ ሰው «ድርቄ» የሚላት በከንቱ አይደለም። ከአፏ ልመና አይወጣም።

«እኔ እጫወታለሁ» አለች።

አባባ ሳቁ። «አንቺ? ፈረሱን ከንጉሡ ሳትለዪ!»

«ፈረሱ ጆሮ አለው።»

«በይ እሺ። እሁድ ከመሄዴ በፊት አንዴ እንጫወታለን። ካሸነፍሽኝ ሻንጣዬን በገዛ እጄ እፈታለሁ። ሕጉን ታውቂዋለሽ፦ ጨዋታ ሳያልቅ ከወንበሩ የተነሣ ተሸነፈ። ነጩ ደግሞ የኔ ነው፤ ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም።»

«ምን ገዶኝ፣ ይቅደሙ።»

በነጋታው ሥራዋን ጥላ ከቤቷ ሥር ወዳለው ፋርማሲ ወረደች። ፋርማሲስቷ ነጭ ጋውኗን እሷ ዘንድ የምታሰፋ ወጣት ናት፤ ተማሪ ሳለች በቼዝ ዋንጫ መውሰዷን ለመንገደኛው ሁሉ ስታወራ ነው የምትውለው።

«እትዬ፣ ደግሞ ራስሽን አመመሽ?»

«ቼዝ አስተምሪኝ።»

«የሐኪም ማዘዣ ይዘሻል?»

«ቀልዱን ተይው። ጥቁሩን ብቻ ነው የምታስተምሪኝ።»

«ጥቁሩን ብቻ! እንዴት ተደርጎ?»

«አማቴ ከነጭ ውጪ አይዙም። የማልይዘውን ተምሬ ምን ይሠራልኛል?»

ፋርማሲስቷ እስኪያንቃት ሳቀች። ስቃ ስታበቃ ግን ነገሩ እውነትም የሚያስኬድ ሆኖ አገኘችው። ከመደርደሪያው ሥር ትንሽ ሰሌዳ አወጣችና «አባባ እንዴት ነው የሚጀምሩት?» አለች።

«እንደ አነዳዳቸው ነው። መሐል መንገዱን ይዘው ወደፊት። ዝንፍ አይሉም።»

«ጥሩ። እንግዲያው የንጉሡን ወታደር ሁለት ርምጃ ሲያስኬዱ፣ አንቺ ያንቺን አንድ ርምጃ።»

«አንድ ብቻ? ፈሪ ነኝ እንዴ?»

«ፈሪ አይደለሽም። በሩን ገርበብ አድርገሽ እንግዳውን እያየሽ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል...»

«እንቁላሉን ተይውና ቀጥዪ።»

ቀጠለች። አባባ ሌላ ወታደር ከጎኑ ያሰልፋሉ። ድርቄ የንግሥቷን ወታደር ሁለት ርምጃ አውጥታ ትገትርባቸዋለች። ሹፌር ናቸውና መቆም አይወዱም፤ የፊተኛውን ወታደር ገፍተው ያልፋሉ። ያኔ ሁለቱ ነጭ ወታደሮች አንዱ የሌላውን ጀርባ ይዞ ይቆማል።

«አሁን የትኛውን ትመቻለሽ?»

«ፊት ፊት የሚለውን ነዋ!»

«እሱን ተይው። የያዘውን ነው የምትመቺው፣ ሥሩን።»

ይሄ ገባት። የተሰፋ ልብስ ከመሐሉ ቢጎትቱት ይቀደዳል እንጂ አይተረተርም፤ ቋጠሮውን ያገኘ ግን ክሩን በአንድ ትንፋሽ ያወጣዋል። ሌላ ወታደሯን ከጎን ላከችበት፤ ፈረሷን ጨመረች፤ ንግሥቷን ወደ ዳር አውጥታ በዚያው ሥር ላይ አፈጠጠች።

መከራዋ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ወታደር በወታደር ከተበላላ በኋላ ያ ሥር የሆነው ነጭ ወታደር ባለቤት የሌለው ይመስላል። በፈረሷ ትበላዋለች፤ ፈረሷን ይበሉታል፤ የበላውን በንግሥቷ ትበላለች፤ ደስ ይላታል። ወዲያው የነጩ ጳጳስ ከተቀመጠበት ዘሎ «ቼክ!» ይላታል፤ ንጉሡን ለማዳን ስትሯሯጥ፣ ጳጳሱ በለቀቀው መንገድ ንግሥቷን በጠራራ ፀሐይ ይበሉባታል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች ፋርማሲስቷ።

«ነፃ ነው እኮ! ማንም አልጠበቀውም!»

«ነፃ አይደለም። በባዶ ሆድ የምትውጪው ኪኒን ነው እሱ።»

ደገመችው። ንግሥቷ ተበላች። ሰለሰችው። ተበላች። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ እንኳ «አንዴ ልሞክር» ብላ ተበላች።

«ታዲያ ምን ልቅመስ መጀመሪያ?» አለች በመጨረሻ፣ ፊቷ ቲማቲም መስሎ።

ፋርማሲስቷ በጥቁሩ ጳጳስ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ያ ጳጳስ የራሱ ወታደር በር ዘግቶበት ቤት ውስጥ ተቆልፎ የዋለ ነው፤ ድርቄ «ይሄ ደግሞ ምን ሊሠራ ይበላል!» እያለች ስትረግመው ነበር።

«እሱን አንድ ርምጃ። ከንጉሡ አጠገብ ቆሞ የነጩን ጳጳስ መንገድ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያሻሽን ብዪ።»

«አንድ ርምጃ ብቻ?»

«አንድ ርምጃ ብቻ፣ እትዬ።»

በዚያ ሳምንት አንድ ርምጃ፣ ከዚያ መብላት፣ አንድ ርምጃ፣ ከዚያ መብላት እያለች ስትሰፋ፣ የፋርማሲስቷን ጋውን ኪስ ጀርባው ላይ ሰፋችው። ልጅቷም ለብሳው ሄደች፤ ማታ ቁልፏን ስትፈልግ ነው ያወቀችው።

እሁድ የባሏ እህት መኪናዋን ደጅ አቁማ ገባች። ሻንጣው በሩ ሥር ተቀምጧል።

«አባዬ፣ ሳይመሽብን እንሂድ።»

«ቆይ፣ ይህቺን ልጅ ባጭሩ ላሰናብታት።»

ሰሌዳው ተዘረጋ። አባባ ወታደራቸውን ሁለት አስኬዱ፤ እሷ አንድ።

«ምነው፣ ጉልበትሽን አመመሽ?»

«ይቅደሙ አባባ።»

ሌላ ጨመሩ። መለሰች። ገፍተው አለፉ። ሥሩን ነካች።

«ኧረ!» አሉ። «ከየት ነው የምትመጪው አንቺ?»

«ይቅደሙ።»

ወታደር በወታደር ተበላላ። ያ ወታደር ብቻውን ቆመ። እጇ ወደ ፈረሱ ተነሣ፤ ሊነካው ምንም አልቀረው። አባባ ወደ ጣራው እያዩ ማፏጨት ጀመሩ። እሷ ይህን ፉጨት ታውቀዋለች፤ ልጃቸውን ወጥመድ ውስጥ ሲያስገቡ ሁልጊዜ የሚያፏጩት ነው። እጇን መለሰችና ጳጳሱን አንድ ርምጃ አወጣችው።

ፉጨቱ ቆመ።

«ማነው ያሳየሽ?»

«በሐኪም የታዘዘልኝ ነው።»

አባባ እልህ ያዛቸው፤ ጎማው ሲንሸራተት ነዳጅ እንደሚረግጥ ሹፌር ሆኑ። ወታደሩን ማዳን ሲገባቸው ንጉሣቸውን ወደ ጥጉ ወሰዱ። በላች። በሏት። መልሳ በላች። «ቼክ» የሚል ድምፅ አልመጣም። ንግሥቷ መሐል ሰሌዳ ላይ ቁጭ ብላ አንድ ወታደር አትርፋለች። አባባ አገጫቸውን አሻሹ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ሌላኛውን ፈረሳቸውን አወጡ።

«ተራሽ ነው።»

ድርቄ ሰሌዳውን አየች። ፋርማሲስቷ ያስተማረቻት እስከዚህ ድረስ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ጫካ ነው። አባባ ደግሞ ጫካውን በጨለማ የሚያውቁት ሰው ናቸው። አሁን አንዱን ብታነሣ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ቀስ ብለው ይበሏታል፤ ሻንጣውም ይሄዳል።

ወንበሯ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች። እጇን ሰድዳ ከስፌት መኪናው ላይ ያላለቀ ቀሚስ አነሣችና ጠርዙን በእጇ መስፋት ጀመረች።

«ተጫወቺ እንጂ!»

«እያሰብኩ ነው አባባ።»

«እየሰፋሽ?»

«ስሰፋ ነው የማስበው።»

የባሏ እህት ቁልፏን አንቀጫቀጨች። «አባዬ፣ ተነሣ እንጂ!»

«ብነሣ ተሸነፍኩ።»

«እሺ አንቺስ፣ መቼ ነው የምትጫወቺው?»

«ሲገባኝ።»

አባባ ምራታቸውን አዩ። ክሩን በጥርሷ በጥሳ ሌላ ክር በመርፌው ታስገባለች። ሻንጣውን አዩ፤ ደጅ የቆመውን መኪና አዩ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ልጃቸው ያመማቸው መስሏት ደነገጠች። ሳቅ ነው።

«ወይ ድርቅና! ሠላሳ ቶን ጭኜ ዳገት ወጥቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ግን አልገጠመኝም። ሂጂ ልጄ፣ ሳይመሽብሽ ሂጂ። ይህቺ ሴትዮ ቶሎ የምታስብ አይደለችም።»

ልጅቷ እያጉረመረመች፣ ግን እየሳቀች፣ አባቷን ስማ ወጣች። የመኪናው ድምፅ ራቀ። ሁለቱ እንደተፋጠጡ ቀሩ።

«ወገቤ ደረቀ» አሉ አባባ በመጨረሻ። «አብረን እንነሣ። አብረን ከተነሣን የተነሣ የለም።»

«እሺ።»

እኩል ተነሡ። ድርቄ ሰሌዳውን እንዳለ ቀሚሱን አለበሰችው፤ አንድም ወታደር ሳይነቃነቅ። አባባ ጎንበስ ብለው ሻንጣቸውን ከፈቱ።

«አልተሸነፍኩም፣ እንዳይመስልሽ» አሉ። «ነጠላ ጫማዬን ብቻ ነው የማወጣው።»

«ማን ተሸነፉ አለዎት?»

ነጠላ ጫማውን አጠለቁና ወደ ውስጠኛው ክፍል ሲያመሩ በሩ ላይ ተጋጠሙ። ድርቄ ወደ ጎን ዞር አለችላቸው።

«ይቅደሙ አባባ» አለች።

አባባም ቀደሙ።