ጋሼ የማይገባበት ክፍል

የሌዘር መቁረጫ ማሽኑ የመጨረሻዋን ካሬ ቆርጦ ሲቆም ክዳኑን ከፈተችና ወደ ኋላ አፈገፈገች። ያ ሽታ እንደገና ፊቷ ላይ ተደፋ፤ በረኪና የተረጨበት የተቃጠለ ጎማ ነው የሚመስለው። ጉሮሮዋን ከረከራት፣ ዓይኗ አነባ። ከጠዋት ጀምሮ በቁራጭ ፕላስቲክ ላይ ትንንሽ ካሬዎችን በተለያየ ኃይልና ፍጥነት እየቆረጠች ስትሞክር ነው የቆየችው። ኃይሉን ስትቀንስ ቀልጦ መልሶ ይጣበቃል፤ ስትጨምር ጠርዙ ከስሎ ቡናማ ነገር ያወጣል። ፍጥነቱን ብትጨምር ደግሞ ይጫራል እንጂ አይበሳም። ጠርዙን በጣቷ ነካ ስታደርገው እንደ ንፍጥ ተሳበ። ቀፈፋት።

"እህስ፣ ተስተካከለ?" አለ ጋሼ ከደጅ ሆኖ። ጋሼ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ የሱቁም የማሽኑም ጌታ።

"የት ይስተካከላል! እስቲ ግባና እየው።"

"ስልክ እየጠበቅኩ ነው። ፍጥነቱን ቀነስ አርጊው። ያዘዘን ሰውዬ የሆቴሉን የበር ቁጥሮች ለነገ ነው የሚፈልጋቸው።"

ወይ የስልክ ነገር! ድሮ አክሪሊክ የሚባለውን ፕላስቲክ ስትቆርጥ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሎ "እዚህ ጋ ጠመመ፣ እዚያ ጋ ሰፋ" እያለ ነፍሷን ያወጣ የነበረ ሰው፣ ይህ አዲስ አክሪሊክ ነው ያላት ፕላስቲክ ከመጣ ወዲህ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ስልክ ይመጣበታል።

ጎንበስ ብላ የማሽኑን ውስጥ አየች። ትናንት የወለወለችው የብረት ሐዲድ ዝጓል። የኃይልና የፍጥነት ስህተት ጠርዝ ያበላሻል እንጂ ብረት አያዝግም። ከአሮጌ ገመድ የመዳብ ሽቦ ላጠችና በላይተር አጋለችው፤ ፕላስቲኩን አስነክታ መልሳ እሳቱ ላይ ያዘችው። ነበልባሉ አረንጓዴ ሆነ። አክሪሊክ እንዲህ አያደርግም። ይሄ ፒቪሲ ነው፤ ሌዘር ሲያገኘው ሳንባ የሚበላ ጋዝ የሚተፋ፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ማሽኑ ላይ የማያስጠጋው ፕላስቲክ።

ቁራጩን ይዛ ወጣች።

"ጋሼ፣ አክሪሊክ አይደለም። ፒቪሲ ነው።"

ይደነግጣል ብላ ነበር። ጋሼ ግን ስልኩን ኪሱ ከተተና "ታዲያስ? ሲሸጡልኝም ነግረውኛል። በርካሽ ነው ያገኘሁት። መስኮቱን ክፈቺና አፍሽን ሸፈን አርጊ" አላት።

"ታውቅ ነበር?"

"አታካብጂ! በዚህ የሞተ ሰው የለም።"

"እንግዲያው አንተ ግባና ቁረጠው።"

"እኔማ አስም አለብኝ" አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ሰሞኑን ሳል ሲያጣድፋት "ብርድ ነው፣ አይዞሽ" እያለ ሽሮፕ የገዛላት ይሄው ሰው ነው። ሽሮፑን ጠጥታ መርቃዋለች። ከጭሱ ይልቅ እሱ ከረፋት፤ አጠገቧ መቆሙ ራሱ አስጠላት።

"አልሠራም" አለች።

"ተይው። ታናሽሽ ሥራ ፈታ ቤት ተቀምጣ የለ? እሷን አስመጣታለሁ። ቁልፍ መጫን አያቅታትም።"

ወደ ውስጥ ተመለሰች። ጋሼ የተረታች መስሎት "ጎሽ፣ እንዲህ ነው እንጂ" አለ።

ማሽኑን አጠፋችና ጨረሩን የሚያሰባስበውን ሌንስ ከመያዣው ፈታች፤ ያለሱ ማሽኑ አይቆርጥም። ሌንስ እንደ አምፖል ከጎረቤት ሱቅ አይገዛም፤ ባለፈው ሲሰነጠቅ ከውጭ እስኪመጣ ሱቁ ከወር በላይ ተዘግቶ ነበር። በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ምን እያረግሽ ነው? ድምፁ ጠፋሳ!"

"ኃይሉን እየቀነስኩት ነው" አለች።

ቦርሳዋን አንግታ በአጠገቡ አለፈች። ከኋላዋ ሲጠራት ሰማች፤ አልዞረችም። መንገዱን እንደተሻገረች ስልኳን አውጥታ ታናሿ ጋ ደወለች።

"ጋሼ ቢደውልልሽ እንዳታነሺው" አለቻት። "ወዳንቺ እየመጣሁ ነው።"