መንስኤው ያልታወቀ ጭስ

የአሸብር ሥራ ጭስ መጠበቅ ነው። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ባለ መሥሪያ ቤቱ ጠዋት ጠዋት ኮምፒውተሩን ይከፍትና ሳተላይት ያነሳችውን ምስል ያያል። ቀይ ነጥብ እሳት ነው፣ ግራጫው ጭስ፣ ቡናማው አቧራ። ከዚያ ቅጽ ይሞላል። «የእሳቱ መንስኤ» የሚለው ሳጥን ላይ ስድስት ዓመት ሙሉ «ያልታወቀ» እያለ ሲጽፍ ኖሯል። ማን ይጠይቀዋል?

የዚያን ታኅሣሥ ግን ልቡ ጭሱ ላይ አልነበረም። የእጮኛው የቤዛ እናት ወይዘሮ ወለተሥላሴ «አገሩን በዓይኔ ሳላይ ልጄን አልሰጥም» ብለው ከደብረ ማርቆስ ሊመጡ ተነስተዋል። ሴትዮዋ በዚህ ዓለም የሚፈሩት እባብ ብቻ ነው። እሱም በስልክ «እማማ፣ እዚህ እባብ የሚባል የለም። አየሩም ንጹሕ ነው፤ የምቆጣጠረው እኔ ራሴ ነኝ» ብሎ ምሎላቸዋል። አይ አሸብር! በአንድ ትንፋሽ ሁለት ውሸት።

አንዱን ውሸት እንኳ እውነት ላድርገው ብሎ የመሥሪያ ቤቱን ሾፌር ጋትኩዋትን ለመነ። ጎረቤቱም ነው፤ ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር አጥር ለአጥር ይኖራሉ። «ወንድሜ፣ እንግዳዬ እባብ ይፈራሉ፤ ከቤቴ ጀርባ ያለውን ሳር አስወግድልኝ» አለውና ለሁለት ቀን የመስክ ሥራ ዲማ ሄደ። አሸብር ደገኛ ነው፤ ሳር የሚወገደው በማጭድ ይመስለዋል። ጋትኩዋት ግን የቆላ ልጅ ነው፤ በበጋ ሳር የሚወገደው በክብሪት ነው። በምን እንደሚወገድ የጠየቀም የተናገረም የለም።

ወይዘሮዋ በሚመጡበት ቀን ማለዳ ከዲማ ተመልሶ በቀጥታ ቢሮ ገባ። ምስሉን ቢከፍተው፣ ከከተማዋ ጫፍ የተነሳ ጭስ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘርግቷል። የወይዘሮዋ አውሮፕላን ደግሞ አራት ሰዓት ላይ ይደርሳል። በንዴት ቅጹን ሳበና «መንስኤ፦ ያልታወቀ፣ ኃላፊነት የጎደለው ግለሰብ። በሕግ ይጠየቅ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቀይዋን ነጥብ አስጠግቶ አያት። ኒውላንድ። ጨምሮ አስጠጋት። የራሱ ጓሮ።

«እኔ ያቃጠልኩት ያንተን ሳር ብቻ ነው» አለ ጋትኩዋት፣ ወደ ማረፊያው እየነዳ፣ ቅር ብሎት። «የሰው ቤት አልነካም። ሜዳውን የጨመረው ነፋሱ ነው።»

አውሮፕላኑ ሦስት ጊዜ ዞረ። አሸብር ከታች ሆኖ ማርያም ማርያም ይላል፤ እንዲያርፍ ይለምን እንዲመለስ ግን ራሱም አላወቀም። አረፈ።

ወይዘሮ ወለተሥላሴ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወረዱ። «የምትቆጣጠረው አየር ይኼ ነው?»

አሸብር ስለ እሳቱ ቢያወራ ሳሩን ሊያነሳ ነው፤ ሳሩን ካነሳ እባቡን ሊያነሳ ነው። ጋትኩዋት ግን ሻንጣቸውን ተቀበለና ደረቱን ነፍቶ፣ «እማማ፣ ለእርስዎ ብለን ነው። እባቦቹን አባረርናቸው» አላቸው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኼ ነው። ሴትዮዋ እስከ ኒውላንድ ድረስ በመኪናው መስኮት ሳር ሳሩን እያዩ ሄዱ። አሸብር ቤዛን በልቡ ተሰናበታት።

ቤቱ ጋ ሲደርሱ ወይዘሮዋ ወረዱና ጓሮውን አዩ። መሬቱ ጠቁሮ፣ ዓይን እስከሚደርስበት ራቁቱን ቀርቷል፤ እባብ ቀርቶ መርፌ ቢወድቅ ይታያል። አንድ ዙር ዞሩት። ደገሙት።

«ሳሩ መቼ ነው የሚመለሰው?» አሉ ጋትኩዋትን።

«ዝናብ ሲጥል ነው እማማ። ሚያዝያ አካባቢ።»

ሰርጉን ለከርሞ ነበር ያሰቡት። አሁን በጣታቸው ወሩንና ጾሙን ቆጠሩ። «እንግዲያው ጥር ላይ ይሁን። ልጄ የምትገባው መሬቱ እንዲህ ተላጭቶ ሳለ ነው።»

«ሳሩ ሲበቅልስ?» አለ ጋትኩዋት፣ አርፎ አይቀመጥም።

«ያን ጊዜማ ባል አላት። እሱ ይጨነቅበት።»

አሸብር ዕንባው መጣ። ጭሱ ነው አለ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተመልሶ ቅጹን አወጣ። «ያልታወቀ» የሚለውን ከነግለሰቡ፣ ከነሕጉ ሰረዘውና በቦታው አንዲት ቃል ጻፈ፦ «አማቴ»።