የሸማኔዋ ግራ እጅ

ሠዓሊው ዮስ ከተቀበረ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ የአንትወርፕ ሠዓሊዎች ማኅበር አለቃ የሚስቱን የሊስከንን ደረጃ እያቃሰተ ወጣ። ሊስከን ገና ከታች ሳሉን ስትሰማ አወቀችው። አለቃ ፎፔንስ የሰው ቤት የሚገባው ሁልጊዜ እንደዚህ ነው፤ መጀመሪያ ሳሉ፣ ቀጥሎ ሆዱ፣ በመጨረሻ እሱ ራሱ። ከኋላው ስታስ የሚባለው ዝምተኛ ሠዓሊ የብሩሽ ከረጢቱን አንግቶ ተከትሎታል። ሊስከን ከረጢቱን ስታይ ነገሩ ገባት። ለለቅሶ ብቻ የመጣ ሰው ብሩሽ አይዝም።

"እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለ አለቃው፣ ዓይኑን ከሥዕል ሸራው ሳያነሳ።

"አሜን" አለች ቤይከን፣ የሟቹ እናት። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ካሮት ትልጣለች።

ሸራው የግድግዳውን ግማሽ ይዟል። ተረቱን በዚያ ከተማ የማያውቅ የለም። አራክኔ የምትባል የግሪክ የድሃ ልጅ "ከአቴና የተሻለ እሸምናለሁ" ብላ ከአምላክ ጋር ተወዳደረች፤ እውነትም የተሻለ ሸመነች። አቴና ተናዳ ጨርቋን ቀደደችባት፣ በሽመና መወርወሪያ ግንባሯን መታቻት፣ ቀጥላም ሸረሪት አደረገቻት። ሌሎች ሠዓሊዎች ልጅቷን የሚሥሏት መሬት ላይ ወድቃ ስትለምን ነው። እዚህ ግን ቆማለች። አቴና ከጨለማው ውስጥ ክንዷን ሰንዝራባታለች፤ እሷ ደግሞ የራሷን መወርወሪያ ጨብጣ፣ አገጯን ቀና አድርጋ "ምቺኝ እስቲ" የምትል ትመስላለች። ብርሃኑ ሁሉ ያረፈው እጇ ላይ ነው።

"ደግ ሥራ ነው" አለ አለቃው። "ልማዳችንን ታውቂያለሽ መቼም። መበለት ባሏ ጀምሮት የሞተውን ሥራ አስጨርሳ ብትሸጥ ማንም አይነካት፤ የሥራ ቤቱም በእጇ ይቆያል። እና ዮስ ነው የሣለው ትያለሽ፣ ስሙ ከታች ይጻፋል፣ አለቀ።"

አንድ "አዎ" ብቻ ነበር የሚፈለግባት። ቤቱም፣ ቀለሙም፣ የአማቷ ጉርሻም በዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። ሊስከን ግን ወደ ሥዕሉ ዞረች። አሥራ አንድ ዓመት ከባሏ ጎን ሠርታለች። መጀመሪያ እጅና እግር፣ ኋላ ፊት ትሥል ነበር፤ ሰው "ዮስ፣ እጅህ ይባረክ" ሲል ደስ ይላት ነበር፤ ትወደው ስለነበር። ይህን ሥዕል ግን ከመጀመሪያው ቡናማ ቀለም እስከ መጨረሻዋ ነጭ ጠብታ ብቻዋን ነው የሠራችው። እሱንም እንደ ሌላው አሳልፋ ልትሰጠው ነው?

"አለቃ" አለ ስታስ ወደ ሸራው ጠጋ ብሎ፣ "ሸማኔዋ ግራኝ ናት።"

አለቃው አየና ከት ብሎ ሳቀ። "ምስኪን ዮስ! ጭራሽ ቀኝና ግራው ጠፍቶበት ነው የሞተው? ከተማው ይስቅብናል። በል ስታስ፣ እጁን አጥፋና መወርወሪያውን በቀኟ አስይዛት። አገጯንም ዝቅ አድርገው፤ ከአምላክ ጋር እንደዚህ መፋጠጥ ለሴት ልጅ አያምርም።"

ስታስ ብሩሹን አወጣ። ሊስከን ዘላ ከሸራው ፊት ቆመች።

"አይነካም!"

"ምን ሆነሻል አንቺ?"

"እኔ ነኝ የሣልኩት። እጁንም፣ አገጩንም፣ አቴናንም። ዮስ አንድ መስመር አላሰመረበትም።"

የቤይከን ቢላዋ ቆመ። "ሊስከን! ልጄ፣ ዝም በይ!"

"አይ እማማ። ዝም ብዬማ ኖርኩ።"

"ሐዘን አናውጧት ነው" አለ አለቃው ለስታስ። "ምን ማስረጃ አለሽ?"

ሊስከን ቀኝ እጇን ዘረጋች። በዘጠኝ ዓመቷ ዓሣ ስትዘለዝል ቢላዋ የአመልካች ጣቷን ጫፍ ወስዶት፣ የቀረው ተጣሞ ድኗል። የአራክኔም አመልካች ጣት ጫፍ የለውም፤ እንደዚያው ተጣሟል። ስታስ አንዴ ሸራውን አንዴ እሷን አየ።

"ያንቺ የቀኝ ነው" አለ አለቃው ጠቢብ መስሎ። "ይሄ የግራ ነው። የሌላ ሰው ጣት ነው።"

"ራሱን በመስታወት እያየ የሚሥል ሰው ቀኙ ግራ ሆኖ ነው የሚታየው። ይህን እንኳን የሠዓሊዎች አለቃ፣ ጢሙን የሚላጭ ሁሉ ያውቀዋል።"

ስታስ ሳቁን በሳል ሸፈነው። አለቃው ቀላ።

"የታለ መስታወቱ?"

ሁሉም ወደ ጥጉ ዞሩ። መስታወቱ ዮስ ከሞተባት ቀን ጀምሮ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። ሐዘኑ ሳይወጣ እንዳይገለጥ ብላ የሸፈነችው ቤይከን ራሷ ናት። ሊስከን እጇን ወደ ጨርቁ ሰደደች፤ የአማቷን ፊት ስታይ ግን እጇ ወደቀ። ይህንስ አታደርግባትም።

"እንግዲያው እማማ ይናገሩ" አለ አለቃው፣ ድሉ እጁ የገባ መስሎት። "እናት ናቸው። ይህን ሥዕል ልጅዎ አልሣለውም?"

ቤይከን ካሮቱን አስቀመጠች። ተነስታ እጇን በሽርጧ ጠረገች፣ ለረጅም ጊዜ።

"ልጄ ይህ ሸራ ሳይወጠር፣ ካለፈው መከር ጀምሮ ማንኪያ መያዝ አቅቶት ነበር" አለች። "እኔ ነኝ እንደ ሕፃን ያጎረስኩት። ማንኪያ ያቃተው እጅ ብሩሽ ይይዛል?"

ይህን ብላ ወደ ጥጉ ሄደችና ጨርቁን በአንድ ጊዜ ሳበችው።

ሊስከን ለሥዕሉ የተጠቀመችበትን፣ መስኮቱ ላይ የነበረውን አሮጌ መወርወሪያ አንስታ በቀኝ እጇ ጨበጠችና አገጯን ቀና አደረገች። መስታወቱ ውስጥ አራክኔ ቆመች፤ መወርወሪያው በግራዋ፣ ጣቷ የተጣመመ። ስታስ ብሩሹን ወደ ከረጢቱ መለሰ።

"እዚህ እኔ የማርመው ነገር የለም" አለ።

አለቃው ለመሄድ እግሩን አነሳ። "እንግዲያው በማኅበሩ ያልተመዘገበች ሴት የሠራችው ሥራ ነው! ሰኞ መጥቼ ይህን በር አሽገዋለሁ!"

"ሰኞ ይምጡ" አለች ሊስከን። "መዝገቡንም እንዳይረሱ፤ ስሜን የሚጽፉበት ባዶ ገጽ አይጠፋም።"

ሳሉ ደረጃውን ወርዶ ሲርቅ ሊስከን ቀጭን ብሩሽ በቀይ ቀለም ነክራ ከአራክኔ እግር ሥር ጻፈች። ማንበብ የማትችለው ቤይከን ከኋላዋ ቆማ ታያለች።

"ምን ብለሽ ጻፍሽ?"

"ስሜን።"

"የዮስስ?"

"የለም፣ እማማ።"

አሮጊቷ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ወንበሯን ከመስኮቱ ሥር እየጎተተች ወሰደችና የደረጃው አናት ላይ፣ መንገዱን ዘግታ አስቀመጠችው፤ ተቀመጠችበትም።

"ምን ያደርጋሉ?"

"ሰኞን እጠብቃለኋ። ያንን ሆድ ይዞ በእኔ ላይ ሲዘል አያለሁ" አለች ካሮቷን እያነሳች። "አንቺ ግን መስታወቱን እንዳትሸፍኚው። ለሥራሽ ትፈልጊዋለሽ።"