የአገር ልጅ ሆቴል ስትፈልግ

"ያንቺን ለኔ ተይው" አለ እንግዳ ተቀባዩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ዋጋው ውስጥ አስገብቼዋለሁ። እነሱ ሲወጡ ትወስጃለሽ።"

ሰብሌ አልገባትም። "የኔን ምኑን?"

"ያመጣሽበትን ነዋ።" በአገጩ ወደ በሩ ጠቆማት። በሩ ላይ ባሏ ደሳለ በሁለት እጁ ሁለት ሻንጣ ይዞ ቆሟል። ልጆቻቸው ሶልያናና ዮናታን ለጉዞው ተብሎ ሐዋሳ የተገዛላቸውን ሰፋፊ ኮፍያ አድርገው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶግራፍ አንጋጠው ያያሉ። "ደህና ሰዎች ይመስላሉ። ለሌሎቹ ደላሎች ከምሰጠው አላሳንስብሽም።"

"ባሌ ነው" አለች። "ልጆቹም የኔ ናቸው።"

ወጣቱ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ በሩን አየና ግንባሩን በመዳፉ መታ። "አፉ በይኝ እህቴ! አነጋገርሽ እኮ ነው ያሳሳተኝ። ከነሱ ጋር ስታወሪ እንደ ከተማ ሰው፣ ወደኔ ስትዞሪ ላስታ።"

"የዚሁ አገር ልጅ ነኝ።"

"ታዲያ ሆቴል ምን ትሠሪያለሽ?"

በጥያቄው ውስጥ ክፋት አልነበረም። ሰብሌ ግን ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረችና "ክፍሉን ማየት ይቻላል?" አለች።

ወጣቱ ጣሃ ይባላል። ደረጃውን እየመራቸው ሲወጣ እሱ ራሱ የመርሳ ልጅ እንደሆነ፣ ላሊበላ የመጣው ለሥራ እንደሆነ ነገራቸው። ክፍሉ አንድ ሰፊና አንድ ጠባብ አልጋ አለው። ለልጆቹ ፍራሽ ይጨመራል አለ።

"ሙቅ ውኃስ?" ጠየቀ ደሳለ።

"መብራት ካለ አለ።"

"መብራትስ አለ?"

"እሱን እንግዲህ ቧንቧውን ከፍተን እናውቃለን" አለ ጣሃ፤ ደሳለ ሳቀ። ዋጋውን ሲሰማም ፊቱ አልጠቆረም። ሁለቱም የሚኖሩት በመምህር ደመወዝ ነው፤ ለዚህ ጉዞ የቆጠቡትም ከልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ የተረፈውን ነው። "ገና ስላለፈ ነው" አለ ጣሃ። "በገና ሰሞን በዚህ ዋጋ ኮሪደሩንም አላከራይም።"

ሰብሌ መጋረጃውን ገለጠች። መስኮቱ ወደ ሆቴሉ ጀርባ ያያል። ከታች ቁልቁለቱን ተከትለው የወረዱት የቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ ከጣሪያዎቹ መሐል ደግሞ አረንጓዴ በር ያለው ግቢ ይታያል። በሩን የቀባው ወንድሟ ወንዴ ነው፤ የቀባ ጊዜ በቀለሙ ነገር ከእናታቸው ጋር ተጣልተው ነበር። በግቢው ከግድግዳው እስከ ግራሩ ድረስ ሸራ ተወጥሯል። ከሸራው ስር አንድ ሰው አግዳሚ ወንበር ተሸክሞ ገባ፤ ወንበሩን አስቀመጠ፤ ሌላ ሊያመጣ ወጣ።

መጋረጃውን መለሰችው።

"አልጋው ይሸታል" አለች። "ሌላ እንይ።"

*

እናቷ የሞተችው መንገድ በተዘጋበት፣ ስልክም በጠፋበት ጊዜ ነበር። ሰብሌ የሰማችው ስልኩ ሲመለስ ነው። ወንዴ መጀመሪያ የደወለው ለደሳለ ነበር፤ ደሳለም ወጉ እንዳይጓደል ብሎ ሁለት ቀን በሆዱ ያዘው። ከዚያ አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ የዕድር ሴቶችና የትምህርት ቤት ባልደረቦቿ ነጠላቸውን ተከናንበው በሩን አንኳኩ። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ዓይነት አለባበስ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማንም ያውቃል። ሰብሌ በሩን ከፈተች፣ አስገባቻቸው፣ የተነገራትን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያም "ሻይ ላፍላላችሁ?" አለች።

አላለቀሰችም። በዚያን ዕለትም፣ በሣልስቱም፣ ከዚያም በኋላ። ሽንኩርት ስትከትፍ እንባ ይወርዳል፤ ስለ እናቷ ሲወራ ግን ፊቷ ላይ ምንም አይንቀሳቀስም። "ደንግጣ ነው" ይሉ ነበር ሴቶቹ። "ተዋት፣ አገሯ ስትገባ እርሟን ታወጣለች።"

ይህን ማስቀረት እንደማይቻል ታውቃለች። እሷ አገር፣ ቀብር ያልደረሰ ልጅ በመጣ ጊዜ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሳል። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ የመጣው ሰው ከበር ጀምሮ እየጮኸ ይገባል፤ የተቀመጡት ተነስተው ይቀበሉታል። ሁሉም የሚጠብቀው የሷን ድምፅ ነው። ሰብሌ ይህን ስታስብ የሚታያት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በሩን አልፋ ስትገባ፣ ሴቶቹ ሁሉ ተነስተው ሲያዩዋት፣ እሷም አፏን ስትከፍት ምንም ሳይወጣ ሲቀር።

ደሳለ "ለመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ልጆቹን ላሊበላ እንውሰዳቸው" ሲል እሺ ያለችው እምቢ የምትልበት ምክንያት ስላጣች ነው። ለወንዴ ሐሙስ እንገባለን አለችው። ሐሙስ ግን ወልድያ አደሩ፤ እሷ ናት ደክሞኛል ያለችው። ለደሳለ ደግሞ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ልጆቹ ይቸገራሉ፣ ርካሽ ሆቴል እንይዝና ቀስ ብለን እንሄዳለን አለችው። እሱም ቀስ ማለቱ ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቃትም።

*

ሁለተኛው ሆቴል ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ሰገነቱ ላይ ቆሞ ወደ ታች ያየ ሰው የላስታን ተራሮች ሁሉ የተከራየ ይመስለዋል። ደሳለ ዋጋውን ሲሰማ "እናመሰግናለን" ብሎ ሻንጣዎቹን መልሶ አነሳ። ሦስተኛው መናኸሪያው አጠገብ ያለ ፔንሲዮን ነው። ዋጋው ከሁሉም ያነሰ ነበር፤ ሶልያና ግን መጸዳጃውን አይታ አፍንጫዋን ይዛ ወጣች።

"ማሚ፣ እዚህ ካደርን እኔ እስከ ሐዋሳ ሽንቴን እይዛለሁ።"

"እኔም" አለ ዮናታን።

መንገድ ዳር ካለች ሱቅ ብስኩት ገዙላቸው። ልጆቹ ሻንጣው ላይ ተቀምጠው ሲበሉ ደሳለ ወደሷ ጠጋ አለ።

"የመጀመሪያው ምን ጎደለው?"

"ይሸታል አልኩህ።"

"እኔ አልሸተተኝም።"

"አንተ መቼ ይሸትሃል! የተቃጠለ ወጥ ታቅፈህ ቴሌቪዥን የምታይ ሰው።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይስቅ ነበር። "ወንዴ ደውሎልኛል" አለ። "ጠዋት። አንቺ አላነሳሽለትም።"

"ምን አልከው?"

"መንገድ ላይ ነን አልኩት። ከዚህ በላይ ግን አልዋሽም፣ ሰብሌ። ወንድምሽ ነው።"

ሰብሌ ከኮብልስቶኑ ዳገት በታች አንዲት አሮጊት ዘንቢል ተሸክመው ሲመጡ እያየች ነበር። አካሄዳቸውን ነው መጀመሪያ ያወቀችው፤ ቀኝ እግራቸውን እንደሚጎትቱ። በመካከላቸው የድንጋይ አጥር ብቻ የነበረው የእናቷ ጎረቤት እትዬ ሸጌ ናቸው። መደበቂያ አልነበረም።

እትዬ ሸጌ አጠገባቸው ሲደርሱ ቆሙ። ዘንቢሉን መሬት ሲያስቀምጡት ብርጭቆ ከብርጭቆ ተጋጨ፤ የዕድር ብርጭቆዎች ናቸው። የለበሱትን ነጠላ ከትከሻቸው አወረዱ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዙረው አዘቅዝቀው ለበሱት። ከዚያ በኋላ ነው ያቀፏት።

"ሰብልዬ። ገባሽ?"

"ገባን፣ እትዬ ሸጌ። እንደምን ነዎት?"

"እኔማ ይኸው አለሁ፣ እግሬን እየጎተትኩ። ቤት ደረስሽ?"

"ገና ነን። ልጆቹ ደክሟቸው… ክፍል እየፈለግን ነው።"

"የምን ክፍል?"

"የሆቴል" አለ ደሳለ በአክብሮት።

እትዬ ሸጌ ሻንጣዎቹን፣ ቀጥሎም ኮፍያዎቹን ተመለከቱ። "ሆቴል!" አሉ። "ሆቴል! ለገና ስንት ምእመን እግር አጥባ መሬት ለመሬት ታስተኛ የነበረች እናት ልጅ! 'ዓይን ለመጨፈንም ይከፈላል እንዴ' እያለች ስትቀልድ አልነበር? እናትሽ ይኼን ብትሰማ በሳቅ ትሞት ነበር።"

ያሉትን ራሳቸው ሲሰሙት ነጠላቸውን ጎትተው አፋቸው ላይ ያዙ።

ሰብሌ ሳቀች። አጭር ሳቅ ነው፤ ከየት እንደወጣ አላወቀችም። ልጆቹ መብላት አቁመው አዩዋት። ሳቁ ሲያልቅ እንደገና ምንም የለም፤ እንደ ወትሮው።

"እትዬ ሸጌ" አለች። "እንባ አልመጣልኝም። እስከ ዛሬ። ቤት ገብቼ ባላለቅስ ሰው ምን ይላል?"

"ይላል እንጂ። ሰው መቼ ዝም ይላል?" አሉ እትዬ ሸጌ። "አንዷ ጨካኝ ናት ትላለች፣ አንዷ ከተማ ለወጣት ትላለች። ከዚያ ንፍሯቸውን ቅመው ይሄዳሉ።"

"ወንዴስ?"

አሮጊቷ ጎንበስ ብለው የዘንቢሉን ማንገቻ ያዙ፤ ግን አላነሱትም።

"ወንዴ ሲቀብራት አላለቀሰም። ሰው በሌለበት፣ ጥሩምባ ሳይነፋ ነው የቀበርናት። 'ብቻዬን አላለቅስም፣ ሰብሌ ስትመጣ ነው' አለ። እኛም ተዉት አልን። ይኸው ከትናንት ጀምሮ ሸራ ወጥሮ ወንበር ያመላልሳል። ትናንት የመጣውን ሰው 'ነገ ናቸው' ብሎ መለሰ።" ቀና ብለው አዩዋት። "አንቺ ካልመጣልሽ ተቀመጪ። ከጎኑ ተቀመጪለት። ሌላ ማን አለው?"

ዘንቢሉን አነሱና ቁልቁል ወረዱ። አብራቸው እንድትሄድ አልጠየቋትም።

ደሳለ ጉሮሮውን ጠረገ። "ምን እናድርግ?"

"ጣሃ ጋ እንመለስ" አለች ሰብሌ።

*

ጣሃ ሲያያቸው ቁልፉን ከመስቀያው አነሳ። "አላልኩም? ዞራችሁ ዞራችሁ ወደኔ።"

"ክፍሉን አይደለም" አለች። "ሻንጣዎቹን እዚህ ብናስቀምጥ ብዬ ነው።"

"ክፍል ሳትይዙ?"

ሰብሌ ትልቁን ሻንጣ ወለሉ ላይ አጋድማ ከፈተችው። ከልብሱ ሁሉ ስር፣ ከነላስቲኩ የተቀመጠ ነጠላ ነበር። ከሐዋሳ ስትነሳ ለምን እንደያዘችው ለራሷም አልነገረችም። ላስቲኩን ቀደደች፤ ነጠላውን ዘረጋች፤ ጥለቱን ወደ ላይ አዞረች። እጇ የሚያደርገውን ያውቅ ነበር።

ጣሃ ቁልፉን መልሶ ሰቀለው። "አላህ ያጽናሽ" አለ። "ማን ነው?"

"እናቴ።"

"ዛሬ?"

"አይ። ቆይቷል።"

ጣሃ ሻንጣዎቹን አንድ በአንድ ከባንኮኒው ጀርባ አስገባ። ደሳለ ስለ ማስቀመጫው ክፍያ ሊጠይቅ ሲጀምር በእጁ ከለከለው። ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞረ። "ኮፍያዎቹንም ስጡኝ" አለ። "እዚያ ኮፍያ አይደረግም።"

ቁልቁለቱን በእግራቸው ወረዱ። አረንጓዴው በር ክፍት ነበር። ወንዴ በሩ ላይ አገኛት። ከስቷል፤ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል። አንድ ጊዜ ስሟን ጠርቶ አንገቷ ላይ ወደቀ። ከሸራው ስር የነበሩት ሴቶች ተነሱ፤ ጩኸቱም ተነሳ። ሰብሌ ወንድሟን ደግፋ ቆመች። ሰውነቱ በሙሉ ሲንቀጠቀጥ በእጆቿ ውስጥ ይሰማታል። አፏን ከፈተች፤ እንደፈራችውም ምንም አልወጣም። ከትከሻው በላይ ሸራው የታሰረበት ገመድ ይታያታል። በችኮላ የታሰረ ነው፤ አንደኛው ጫፍ ሊፈታ ደርሷል።

ወስደው ከወንዴ ጎን አስቀመጧት። አንዲት ሴት ለጎረቤቷ የሆነ ነገር አንሾካሾከች። ሰብሌ ሰማቻት፤ ከመቀመጫዋ ግን አልተነሳችም። ወንዴ እስኪወጣለት ድረስ አለቀሰ፤ እሷም እጁን ይዛ እስከ መጨረሻው ተቀመጠች።

ሰው ሁሉ ሄዶ ሲመሽ፣ ወንዴ ዓይኑ አብጦ ብርጭቆዎቹን ሲሰበስብ ቆም አለ።

"ሆቴል ይዛችኋል አሉ።"

"አልያዝንም።"

"ልጆቹ መሬት ይተኛሉ?"

"ይተኛሉ።"

"ሙቅ ውኃ የለንም እኮ።"

"ሆቴሉም የለውም" አለች ሰብሌ።

ወንዴ ፍራሾቹን ሊያወርድ ወደ ጓዳ ገባ። እሷ ወጥታ የሸራውን ገመድ ፈትታ እንደገና አጥብቃ አሰረችው።

በማግስቱ ጠዋት ደሳለ ዳገቱን ወጥቶ ሻንጣዎቹን ከጣሃ ተቀብሎ አመጣ።